የመልክ መስመርና የቆዳ መስመር፦ የደቡብ ምዕራብ ሰዎች በድሮ የቀለም ሥዕሎች

በቦንጋ፣ በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒና በማጂ ዙሪያ ያለው የቡና አገር ሕዝብ መልኩ መቼና በማን እጅ ወረቀት ላይ እንደሰፈረ የሚጠይቅ ሰው መልሱን መፈለግ የሚጀምረው በሮም፣ በፓሪስ፣ በቪየናና በሴንት ፒተርስበርግ ከታተሙ የመንገደኞች መጻሕፍት ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 20ኛው መጀመሪያ የወጡት ጥራዞች የካፋን፣ የጌራን፣ የጅማንና የአጎራባቾቻቸውን አገር ለአውሮፓ አንባቢ ያስተዋወቁት በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በጥቁር ቀለም በታተሙ የመስመር ሥዕሎችም ነበር። የዚያ ዘመን ሥዕሎች ዛሬም ከመጻሕፍቱ እየተለዩ ይባዛሉ። ሲታዩም የሚሰጠው አስተያየት ተመሳሳይ ነው፤ ይህ ሰው ቁጡ ነው፣ ይህች ሴት ደንግጣለች፣ ይህ ሽማግሌ አዝኗል ይባላል። በዚህ ዳሰሳ የምሞግተው ይህን ንባብ ነው። በእነዚህ ፊቶች ላይ የምናየው ስሜት አብዛኛው የተሣለው ሰው ስሜት አይደለም፤ ጥቁር ቆዳን በጥቁር ቀለም ለማሳየት የተመረጠው የአሠራር መንገድ የፈጠረው ነው። ስለዚህ ስለ ሰውየው ጠባይ ከመናገራችን በፊት መስመሩ እንዴት እንደተሠራ ማየት አለብን። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በቀለም በተሠራ የሰው መልክ ውስጥ መስመር ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ መልክን መለየት ነው፤ የቅንድቡ መታጠፊያ፣ የዐይኑ ሽፋን፣ የከንፈሩ መገጣጠሚያ፣ የአፍንጫው ክንፍ የሚታወቁት በዚህ መስመር ነው። ሌላው ሥጋንና ቆዳን ማሳየት ነው፤ ጥላው፣ የጉንጩ ጎድጓዳነት፣ የቆዳው ጥቁረት በተደራረቡ ጭረቶች ይገለጣል። የመጀመሪያውን የመልክ መስመር፣ ሁለተኛውን የቆዳ መስመር ብለን እንያዛቸው። ስሜት የሚነበበው በዋናነት ከመጀመሪያው ነው። ንዴትም ይሁን ደስታ፣ ትዝብትም ይሁን ድካም የሚታወቀው የዐይን ሽፋን በጥቂቱ ሲወርድ ወይም ሲነሣ፣ የአፍ ጫፍ ትንሽ ሲሰበር ነው። ምልክቶቹ ጥቃቅን ስለሆኑ በዙሪያቸው ባዶ ቦታ ይፈልጋሉ። የቆዳው መስመር በዝቶ ከመልኩ መስመር ጋር እኩል ሲጠቁር፣ የዐይኑ ሽፋን ከጥላው ጋር ይቀላቀልና ስሜቱ ይጠፋል።

ይህ በግልጽ የሚታየው ችግሩ የሌለባቸውን ሥዕሎች ስንመለከት ነው። ሬምብራንት በ1639 የባለቤቱን እኅት ቲትያን በብዕርና በቡናማ ቀለም ሥሏታል፤ ሥዕሉ አሁን በስቶክሆልም ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ሴትዮዋ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አቀርቅራ ትሰፋለች። ፊቷ ላይ ያሉት ጭረቶች በጣም ጥቂት ናቸው፤ ቆዳዋ ወረቀቱ ራሱ ነው። የወረደው የዐይን ሽፋኗ ብቻውን ስለቆመ፣ ሐሳቧ ሁሉ በእጇ ላይ እንዳለ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ቫን ጎህም በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ የፖስታ ቤት ሠራተኛውን ዦዜፍ ሩላንን ሲሥል ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ የመቃ ብዕር ነበር፤ የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ከሚቀርጹት መቃ በዓይነቱ የማይለይ መሣሪያ ነው። መቃ ጥቂት ቀለም ይይዛል፣ ቶሎ ይደርቃል፣ መስመሩ አጭርና ወፍራም ይሆናል። የላባ ብዕር ደግሞ እጅ ሲጫነው ይሰፋል፣ ሲለቀው ይቀጥናል። በሁለቱም የሠዓሊው እጅ የት እንደፈጠነ፣ የት እንደቆመ፣ የት እንዳመነታ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የድሮ የቀለም ምስለ ገጽ ሕያው ሆኖ የሚሰማን ለዚህ ነው፤ ከፊት ለፊታችን የተሣለው ሰው ብቻ ሳይሆን የሚሥለው ሰው ትኩረትም አለ።

ይሁን እንጂ ሬምብራንት ከወረቀቱ ንጣት ያገኘው ጥቅም ለካፋው ወይም ለቤንቹ ሰው ሠዓሊ በዚያው መልክ አይገኝም። ቆዳውን ባዶ ወረቀት አድርጎ ቢተወው ጥቁረቱን አላሳየም ይባላል፤ በጭረት ቢሸፍነው ደግሞ ስሜቱን የሚሸከሙት ጥቃቅን መስመሮች ይዋጣሉ። ችግሩ መፍትሔ የሌለው አይደለም። አልብሬክት ዱረር በ1508 የአንድ አፍሪካዊ ወንድ መልክ በከሰል፣ በ1521 ደግሞ በአንትወርፕ ከተማ በአንድ የፖርቱጋል ወኪል ቤት ታገለግል የነበረችውን የ20 ዓመቷን ካታሪናን በብር ጫፍ ሥሏል። ሁለቱም በቀለም የተሠሩ አይደሉም፤ የካታሪና ሥዕል ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የመስመር ሥራ ስለሆነ ለነገራችን ይጠቅማል። ዱረር የካታሪናን ቆዳ ለማሳየት የተጠቀመባቸው ቀጫጭን ጭረቶች የፊቷን ክብነት ተከትለው ይታጠፋሉ፤ የወረዱት የዐይን ሽፋኖቿ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ቦታ ይለቃሉ። ጥቁረቱም አለ፣ ስሜቱም አለ። ፊቷ ላይ ያለውን ዝምታ ያለ ሥቃይ ማየት የሚችል ሰው ያለ አይመስለኝም። በመሆኑም ጥቁር ፊት በመስመር ሲሠራ ስሜቱ መጥፋቱ የግድ አይደለም፤ ጊዜና ትዕግሥት፣ ከሁሉም በላይ ሰውየው ከፊት ለፊት መቀመጡን ይጠይቃል።

የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማተሚያ ቤቶች ያጡት ይህንኑ ነው። በዚያ ዘመን በጋዜጣና በመጽሐፍ ውስጥ ከፊደል ጋር አብሮ የሚታተመው ሥዕል በአብዛኛው የእንጨት ቅርጽ ነበር። ጠንካራ እንጨት ተቆርጦ ፊቱ ይለሰልሳል፤ ንድፉ ይገለበጥበታል፤ ቀራጩ ነጭ መሆን ያለበትን ሁሉ በብረት እየጫረ ያወጣል፤ የቀረው ከፍ ያለ እንጨት ቀለም ይቀባና ይታተማል። እንግዲህ የቀራጩ ብረት የሚያወጣው ነጩን እንጂ ጥቁሩን አይደለም። አንዲት ቀጭን ጥቁር መስመር ለማስቀረት ግራና ቀኟን መጫር አለበት፤ ነጭ መስመር ለማውጣት ግን አንድ ጊዜ መጫር ይበቃዋል። ለነጭ ፊት ቀራጩ ሰፊውን ቦታ ጠርጎ አውጥቶ ጥቂት ጥቁር መስመሮች በጥንቃቄ ይተዋል። ለጥቁር ፊት ቀላሉ መንገድ እንጨቱን እንዳለ ትቶ በላዩ ትይዩ ነጭ ጭረቶችን ማውረድ ነው። ፊቱ እንደታረሰ ማሳ ይሆናል፤ ትልሙ በግንባርም በጉንጭም በአገጭም ላይ በአንድ ርቀት ይሄዳል። በትልሙ መካከል የዐይን ሽፋን ሁለተኛ እጥፋት ወይም የከንፈር ጫፍ መሰበር የሚቀመጥበት ቦታ የለም። ጠርቶ የሚቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዐይን ነጭ። እሱን ለማውጣት አንድ ጭረት ስለሚበቃ ቀራጩ ሙሉ በሙሉ ያነጣዋል። ሽፋን የሌለው፣ ከጥቁር ፊት መካከል የፈጠጠ ነጭ ዐይን የሚወለደው እንዲህ ነው። አንባቢው ይህንኑ ዐይን አይቶ ቁጣ ወይም ድንጋጤ ብሎ ይጠራዋል።

በዚህ ላይ ሥራው በብዙ እጅ የሚያልፍ መሆኑን መጨመር ያስፈልጋል። ትልልቅ ሥዕሎች በበርካታ የእንጨት ቁራጮች ተከፋፍለው ለተለያዩ ቀራጮች ይሰጡ ነበር፤ በኋላ ቁራጮቹ ይገጣጠማሉ። ከሥዕሉ ግርጌ በአንድ ጥግ የነዳፊው፣ በሌላው ጥግ የቀራጩ ስም የሚገኘው ለዚህ ነው፤ የተሣለው ሰው ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም። ነዳፊውም ቢሆን ወደ ካፋ ሄዶ የሚያውቅ አልነበረም ማለት ይቻላል። ከመንገደኛው ማስታወሻ፣ ከፎቶግራፍ፣ አንዳንዴም ከመንገደኛው አፍ ሰምቶ ይነድፋል። መስመሩ የትኩረት ምስክር ነው ካልን፣ እዚህ የሚመሰክረው ስለ የትኛው ሰው ትኩረት እንደሆነ ማወቅ አይቻልም።

ለካፋ ታሪክ ዋና ምንጭ የሆኑት ሁለት መጻሕፍት የተወለዱበት ሁኔታ ይህን ያስረዳል። በአገራችን አቡነ ማስያስ በመባል የሚታወቁት የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ጉልዬልሞ ማሳያ በካፋ የቆዩት ከ1859 እስከ 1861 ሲሆን፣ በመጨረሻ ከአገሩ እንዲወጡ ተደርገዋል። በኢትዮጵያ ስላሳለፉት 35 ዓመት የጻፉት ባለ 12 ጥራዝ ሥራ በሥዕልና በካርታ ተደግፎ የታተመው ከ1885 እስከ 1895 ነው። ማስታወሻዎቻቸው በስደት ጠፍተውባቸው ስለነበር በእርጅና ዘመናቸው ጣልያን ተቀምጠው አብዛኛውን ከትዝታ ጻፉ። በ1889 ስላረፉ ደግሞ የኋለኞቹ ጥራዞች የወጡት እርሳቸው በሌሉበት ነው። በካፋ ካዩት ፊት እስከ ታተመው ፊት ድረስ ሩብ ምዕተ ዓመት ያህልና አንድ ባሕር አለ። ጣልያናዊው መንገደኛ አንቶኒዮ ቼኪ ደግሞ ከዘይላ እስከ ካፋ ወሰን ያደረገውን ጉዞ በሦስት ጥራዝ ያሳተመው በ1886 እና በ1887 ነው። የጉዞ ጓደኛው ጆቫኒ ኪያሪኒ በጌራ ንግሥት እጅ ታስሮ ሳለ በ1879 ሞቷል። ቼኪ ራሱ ከእስር የወጣው በብዙ ልመናና በጎጃም በኩል በተደረገ ጥረት ነው። እስረኛ የነበረ ሰው ያሳሰሩትን ሰዎች ሮም ላሉ ነዳፊዎች እንዴት አድርጎ እንደሚገልጻቸው አንባቢው ራሱ ይገምት። መጻሕፍቱን ለማጣጣል አይደለም ይህን የምለው፤ ስለ መንግሥቱ አወቃቀር፣ ስለ ገበያውና ስለ መንገዱ ያለ እነርሱ የምናውቀው እጅግ ባነሰ ነበር። የምለው በመካከላቸው የታተመ ፊት ከጽሑፉ ጋር እኩል ምስክርነት እንደሌለው ነው።

ችግሩ የደቡብ ምዕራብ ብቻ እንዳልሆነ ሁለት የታወቁ ፊቶች ያሳያሉ። የአምሐራው መካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ወደ ጀርመን ሄደው ከጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ ጋር የግእዝንና የአማርኛን ትምህርት መሠረቱ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሶርያ ጠረፍ መርከባቸው ሰጥሞ አረፉ። መልካቸው የሚታወቅበት ኅትመት የወጣው ሉዶልፍ በ1691 ካሳተመው ማብራሪያ ጋር ነው፤ ከሞቱ 33 ዓመት በኋላ ማለት ነው። የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር ከዚህም ይብሳል። በ1867 እና በ1868 የአውሮፓ ጋዜጦች ያወጧቸው የቴዎድሮስ መልኮች እርስ በርስ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ቀጭን፣ ሌላው ወፍራም፣ አንዱ ሹሩባ የተሠራ፣ ሌላው የቱርክ ፓሻ የሚመስል ነው። ሁሉም ግን ዐይናቸው የፈጠጠ ነው። ከራሱ ፊት በቀጥታ የተወሰደው ሥዕል የተሠራው በሚያዝያ 1868 መቅደላ ላይ፣ ከብሪቲሽ ሙዚየም ከእንግሊዝ ጦር ዘመቻ ጋር በመጣው በሪቻርድ ሆምዝ እጅ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከሞተ በኋላ ነበር። ለንደን የቁጣውን ፊት ደጋግማ ስታትም ኖራ፣ የፊቱ ትክክለኛ ንድፍ የተገኘው ቁጣውም ትዕግሥቱም ካለቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ነገሩን ሁሉ በእንጨትና በብረት ማሳበብ የአውሮፓን ንቀት ነጻ ማውጣት አይሆንም ወይ? ሥዕሎቹ የፈጠጡት ቀራጩ ጥቁር ሰውን አረመኔ አድርጎ ስለሚያስብ ነው የሚል ሰው ብዙ ማስረጃ አለው። ንቀቱ እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን ንቀት ብቻውን የሥዕሎቹን አሠራር አያስረዳም። በዚያ ዘመን ኅትመቶች የአንድ ሰው የጠጉር አሠራር፣ አምባሩ፣ የጋሻው ጌጥ፣ የልብሱ ጥለት ብዙ ጊዜ በጥንቃቄ ተሠርቶ ፊቱ ግን በጅምላ ጭረት ተሸፍኖ እናገኛለን። ሰውየውን መናቅ ቢሆን ኖሮ ጋሻውም በተናቀ ነበር። ልዩነቱ ጋሻና ጥለት በድፍን መስመር የሚሠሩ ነገሮች መሆናቸው፣ ፊት ግን ጥቃቅን እጥፋቶችን መፈለጉ ነው። ደግሞም የጸሐፊዎቹ ዝንባሌ የተለያየ ነበር፤ ማሳያ ያስተማሯቸውን ሰዎች ይወዱ ነበር፣ ቼኪ ታስሮ የወጣ ሰው ነው፤ የሥዕል ዘዴው ግን ለሁለቱም ያው ነበር። ይልቅ ግንኙነቱን እንዲህ ነው የማየው፦ ዘዴው የፈጠጠውን ዐይን ወለደ፣ ንቀቱ ደግሞ ትርጉም ሰጠው። ስሕተቱ የሚታይ ሆኖ ሳለ ያላረሙት የሚጠብቁትን ስላገኙበት ነው። በመሆኑም ዘዴውን መመርመር ንቀቱን መሸፈን አይደለም፤ በየት በኩል እንደገባ ማሳየት ነው።

ጥቁር ፊትን በጥቁር ቀለም የማሳየቱን ችግር በሌላ መንገድ የፈቱ ሠዓሊዎች በራሳችን አገር ነበሩ። የብራና ሠዓሊ ቆዳውን ለማጥቆር አይጨነቅም። መጀመሪያ ዙሪያውን በቀጭን ቀለም ይነድፋል፤ ፊቱን ብራናው እንዳለ ይተወዋል ወይም አንድ ወጥ ቀለም ይቀባዋል፤ ከዚያ ቅንድብ፣ ዐይን፣ አፍንጫና አፍ በጥቂት ጠንካራ መስመሮች ይሠራሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በተጻፈው ወንጌል ውስጥ ያለው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል የዚህ አሠራር ጥንታዊ ምሳሌ ነው። የደብተራ ክታብ ላይ ደግሞ መስመሩ ብቻውን ይቀራል። በባለቤቱ ቁመት ልክ በተቆረጠ ብራና ላይ በጥቁርና በቀይ ቀለም መላእክት፣ ባለ ስምንት ማዕዘን ኮከብ፣ በኮከቡ መካከል አንድ ፊት ይሣላል፤ ፊቱም ከሞላ ጎደል ዐይን ብቻ ነው። ይህ ዐይን እንደ እንጨቱ ቅርጽ ትልቅ ነው፤ ግን አይፈጥጥም። ምክንያቱ በዙሪያው ያለው ቆዳ ጥቁር አለመሆኑ ነው። የዐይኑ ነጭና የፊቱ ብራና አንድ ስለሆኑ ጎልቶ የሚታየው የዐይኑ ብሌን ይሆናል። ብሌኑ ወደ ጎን ሲሄድ ፊቱ ወደ ጎን ያያል፣ ወደ መካከል ሲመጣ ተመልካቹን ያያል። አንዲት ነጥብ በጥቂቱ ስትንቀሳቀስ የፊቱ ሐሳብ ይለወጣል። የመልክ መስመሩ ከቆዳ መስመር ነጻ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚናገር የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ይህ ምስለ ገጽ አይደለም፣ ምልክት ነው የሚል መልስ ይሰጠኛል። የደብተራው ፊት የማንም ፊት አይደለም፤ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ቢሆን ጻድቁን ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዐይን በጎን የሚያሳይ ደንብ የያዘ ነው፤ ታዲያ ከሰው ፊት ጋር ምን ያገናኘዋል? እውነት ነው፣ መመሳሰልን አይፈልግም። የተነሣሁት ግን ስለ መመሳሰል ሳይሆን ስለ ስሜት ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአውሮፓው ቀራጭ መመሳሰልን ፈልጎ ስሜትን አጣ፤ የብራናው ሠዓሊ መመሳሰልን ትቶ ስሜትን በደንብ ያዘ። ደግሞ ደንብ ማለት ስሜት አልባነት አይደለም። ሠዓሊው ማን ፊት ለፊት፣ ማን በጎን እንደሚሣል ሲወስን የተመልካቹና የተሣለው ሰው ግንኙነት ምን እንደሚሆን ወስኗል፤ ፊት ለፊት የሚያየንን እናፍረዋለን ወይም እንለምነዋለን፣ በጎን ያለውን እኛ እናየዋለን እንጂ እርሱ አያየንም። የመንገደኛ መጻሕፍት ሥዕሎችን በዚህ ዐይን ብንመረምራቸው፣ ሰውን ለራሱ ክብር ሳይሆን ለዘሩ ናሙናነት በጎን አዙሮ የሚሥለው የዚያ ዘመን ልማድ ምን ዓይነት ግንኙነት እንደወሰነ ይገባናል።

ከወረቀትና ከብራና ውጭ ያለውንም መስመር ማለፍ አይገባም። ከሚዛን ተፈሪ ወደ ደቡብ፣ በምዕራብ ኦሞ ያሉት ሱሪዎች እርጥብ ነጭ ጭቃ ገላቸውንና ፊታቸውን ይቀቡና በጣታቸው ጫፍ እየጠረጉ ጥቁሩን ቆዳ በመስመር ያወጡታል። አሠራሩ ከእንጨት ቀራጩ ጋር ይቀራረባል፤ ሁለቱም መስመር የሚያወጡት ያለውን በመጥረግ ነው። አቅጣጫው ግን ተቃራኒ ነው። ቀራጩ ከጥቁር ላይ ነጭ ያወጣል፤ የሱሪው ወጣት ከነጭ ላይ ጥቁር ያወጣል፣ የሚያወጣውም መስመር ራሱ ቆዳው ነው። ዛሬ ለቱሪስት ካሜራ የሚሠራው በአበባና በቅጠል የተጨናነቀ ሥሪት ከልማዱ የራቀ ስለሆነ በእርሱ ላይ ተመሥርቶ መናገር አያዋጣም። ዋናው ቁም ነገር ጥቁር ቆዳ ለመስመር እንቅፋት ሳይሆን ራሱ መስመር ሊሆን እንደሚችል በዚሁ አካባቢ ሲታወቅ የኖረ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የፎቶግራፍ ነው። ካሜራ ከመጣ ወዲህ የቀለም ሥዕሉ ክርክር አበቃለት፣ እውነተኛውን ፊት ከፎቶግራፍ እናገኛለን ይባላል። ለካፋ ይህ ሽግግር የመጣው ከመንግሥቱ ውድቀት ጋር ነው። የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተሸንፎ የተማረከው በ1897 ነው። ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች በ1898 ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጋር በካፋ አልፎ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ሲዘምት ካሜራ ይዞ ነበር፤ መጽሐፉን በ1900 አሳተመ። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር በ1905 እና በ1909 ካፋ ደርሶ የሰበሰበውን በ1920 እና በ1923 በሁለት ጥራዝ አወጣው። በቀድሞው ሥርዓት የካፋ ንጉሥ ለተገዢው እንኳ በግልጽ የማይታይ፣ በመጋረጃ ጀርባ የሚቀመጥ ነበር። ካሜራው የደረሰው መጋረጃው ከተቀደደ በኋላ ነው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ፎቶግራፎች ላይ የሚታየው ፊት በአብዛኛው ከሽንፈት ማግሥት፣ በአሸናፊው ወገን እንግዳ ፊት የተቀመጠ ሰው ፊት ነው። ከዚህ በተጨማሪ የጊዜው የፎቶ መስታወት ለቀይና ለቡናማ ቀለም ደካማ ስለነበር ቡናማ ቆዳን ከእውነተኛው በላይ ያጠቁረው ነበር። ጥላው ውስጥ ያለው የዐይን ሽፋን ይጠፋል፤ የዐይን ነጭ ይጎላል። ካሜራውም በራሱ መንገድ የቀራጩን ስሕተት ደገመው። ፎቶግራፉ ወደ እንጨት ሲገለበጥ ደግሞ ሁለቱ ስሕተቶች ይደራረባሉ። ፎቶግራፍ ከቅርጽ ይሻላል፤ ግን ዳኛ አይደለም፣ እርሱም የሚመረመር ምስክር ነው።

ሠዓሊው ራሱ ከሰውየው ፊት ለፊት የተቀመጠበት ጊዜ የመጣው ዘግይቶ ነው። በፍራንክፈርት ያለው የፍሮቤኒየስ ተቋም ወደ አፍሪካ በሚልካቸው የጥናት ጉዞዎች ሠዓሊዎችን ይዞ መሄድ ልማዱ ነበር፤ ብዙዎቹም ሴቶች ነበሩ። በ1934 እና በ1935 በአዶልፍ የንሰን መሪነት ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ በተደረገው ጉዞ ሠዓሊው አልፍ ባይርለ ነበር፤ ተቋሙ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1950ዎቹም ተመልሶ መጥቷል። ባይርለ በደቡብ ያገኛቸውን ሰዎች በንድፍም በቅብም ሠርቷል። ከዋናዎቹ የጥናት ቦታዎች ብዙዎቹ ከኦሞ ማዶ በስተምሥራቅ ቢሆኑም፣ ለጠቅላላው ጥያቄ ያላቸው ዋጋ ትልቅ ነው፤ በሠዓሊውና በተሣለው ሰው መካከል ሌላ እጅ የለምና። እንዲህ ባለው ሥራ የቆዳ ጥቁረት ብዙውን ጊዜ በወጥ ቀለም ይሰጥና መስመሩ ለመልኩ ነጻ ይሆናል፤ የብራና ሠዓሊው ከብዙ ዘመን በፊት የደረሰበት መፍትሔ ነው። በእርግጥ ይህም ከኃይል ግንኙነት ነጻ አይደለም፤ የሚሥለው ተመራማሪ ነው፣ የሚሣለው የሚጠናው ነው። ይሁን እንጂ አንድ ሰው ለሰዓታት ሲቀመጥ ፊቱ የተዘጋጀለትን አኳኋን ይለቃል፤ ይደክመዋል፣ ይሰለቸዋል፣ የሚሥለውን ሰው መልሶ ማየት ይጀምራል። መልሶ የሚያይ ፊት ከእንጨቱ ቅርጽ የማናገኘው ነው።

ታዲያ የድሮዎቹን ኅትመቶች እንጣላቸው? አይደለም። በድፍን መስመር የሚሠራው ሁሉ፣ ማለትም ጌጡ፣ የጠጉሩ አሠራር፣ የቤቱ ክዳን፣ የጦሩ ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ ሊታመን ይችላል፤ ከሙዚየም ዕቃዎች ጋር ሊመሳከርም ይችላል፤ ቢበር የሰበሰባቸው የካፋ ዕቃዎች ቪየና ውስጥ አሉ። ሊታመን የማይችለው ፊቱ ነው። በተለይም ከፊቱ ተነሥቶ ስለ ሕዝብ ጠባይ የሚሰጥ ፍርድ መሠረት የለውም። በቦንጋ ያለው ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ወይም የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የእነዚህን ሥዕሎች ቅጂ ሰብስቦ ቢያሳይ ከእያንዳንዱ ሥር የነዳፊው ስም፣ የቀራጩ ስም፣ ከፎቶግራፍ ወይም ከትዝታ መሠራቱ፣ ጉዞው የተደረገበትና ኅትመቱ የወጣበት ዓመት መጻፍ ይኖርበታል። የካፋ ንጉሥ ወይም የጅማ ሴት የሚል መግለጫ ብቻውን አይበቃም፤ እንዲያውም ያሳስታል።

ለሥዕል ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ ቢሰጥ እመኛለሁ። ከድሮዎቹ መጻሕፍት አንድ የተቀረጸ ፊት ይውሰዱ፤ በላዩ ስስ ወረቀት ዘርግተው የቆዳውን ጭረት ሁሉ ትተው የመልኩን መስመር ብቻ በመቃ ብዕር ያውጡ። ያንኑ በካታሪና ሥዕል ላይ ይድገሙት። ከዱረር ሥራ የዐይን ሽፋኗ፣ የከንፈሯ መገጣጠሚያና የአገጯ መዞሪያ ሳይጎድሉ ይወጣሉ፤ ከቅርጹ ግን ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሁለት ነጭ ቀዳዳ፣ አንድ የአፍንጫ ጥግና በዙሪያቸው በጥንቃቄ የተሠራ የአንገት ጌጥ ነው።